ረጅሙን ዳገት ፍለጋ፦ ለጀማሪ ፕሮግራመሮች

(በደብረ ማርቆስ ኮዲንግ ለሚጀምሩ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምናየው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አሬይ (በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮች) እና ሉፕ (አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያስኬድ ትእዛዝ) የተማረ ሰው ወዲያው የሚገጥመው ጥያቄ ነው። በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮች ይሰጧችኋል። ከመካከላቸው ሳይቋረጥ እየጨመረ የሚሄደውን ረጅሙን ክፍል ትፈልጋላችሁ። ከዚያ ስንት ቁጥር እንዳለው ትናገራላችሁ። በቃ፣ ይሄው ነው።

መልሱ ከአሥር መስመር አይበልጥም። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ቪዲዮ ከፍቶ ያየዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ጥያቄው ላይ አንዲት ቃል ስትቀየር የተሸመደደው መልስ ይከዳል። ተማሪውም «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም» ብሎ ላፕቶፑን ይዘጋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። እንዲህ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ የጎደላቸው አንድ ልማድ ብቻ ነው፦ ኮድ ከመጻፍ በፊት እያንዳንዱ ቫሪያብል (ቁጥር የምናስቀምጥበት፣ ስም ያለው ቦታ) ምን እንደያዘ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ቀሪው ሁሉ ማሳያ ነው።

ቁጥሮቹን ከምታውቁት መንገድ ልውሰድ። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ማርቆስ ስትመጡ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ ታልፋላችሁ። የየከተማው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ በሜትር፣ ወደ ቅርቡ መቶ ሲጠጋጋ እንዲህ ነው፦

1800፣ 2100፣ 2600፣ 2100፣ 1900፣ 2100፣ 2400

ባሕር ዳር ጣና ዳር ስለሆነች ዝቅ ትላለች። እንጅባራ ከፍ ትላለች፤ ብርዷን የቀመሰ ያውቃል። ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ይወረዳል፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ማርቆስ ደግሞ ይወጣል። በየከተማው መካከል መንገዱ ስንት ጊዜ ሽቅብ ቁልቁል እንደሚል አውቃለሁ። ያንን ግን ተዉት። አሬይ የሚያውቀው የሰጣችሁትን ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ቁጥር ከቀደመው የሚበልጥበትን ተከታታይ ክፍል ዛሬ «ዳገት» እንበለው። ረጅሙ ዳገት ስንት ከተማ አለው? እናንተ ገና ቁጥሮቹን ስታዩ መልሱን አግኝታችኋል፦ ሦስት። ባሕር ዳር፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ። ወይም ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ፣ ማርቆስ።

አሁን ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዴት አገኛችሁት? ብዙ ሰው «እንዲሁ አየሁት» ይላል። ዓይናችሁ ሰባቱን ቁጥር በአንዴ ያያል። ኮምፒውተር ግን በአንድ እርምጃ የሚያነጻጽረው ሁለት ቁጥር ነው። ስለዚህ መቶ ሺህ ከተማ ያለበት መንገድ ላይ እንደቆማችሁ አስቡ። የምታዩት የቆማችሁበትን ከተማ ከፍታና ያለፋችሁትን ብቻ ነው። ወደፊት አይታይም። ወደኋላም ከአንድ ከተማ በላይ አይታይም። ኪሳችሁ ውስጥ ደግሞ ሁለት ቁጥር የምትጽፉበት ብጣሽ ወረቀት አለ። በዚህ ብቻ መልሱን ማግኘት ይቻላል? ይቻላል። ግን መጀመሪያ ሰው በራሱ የሚደርስባቸውን ሌሎች መንገዶች እንያቸው፤ የሚናቁ አይደሉም።

የመጀመሪያው መንገድ ሁሉንም መሞከር ነው። ከየት ይጀምራል፣ የት ያልቃል የሚለውን ጥንድ ሁሉ መውሰድ፣ መካከሉ ዳገት መሆኑን ማየት፣ ረጅሙን መያዝ። ለሰባት ከተማ 28 ክፍል ይወጣል። ምንም አይደል። ለ100,000 ቁጥር ግን ከ5 ቢሊዮን በላይ ክፍል ይሆናል፤ እያንዳንዱን ደግሞ ውስጡን መፈተሽ አለባችሁ። የፕሮግራሚንግ ውድድር ጥያቄዎች ፕሮግራማችሁ እንዲጨርስ በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ነው የሚሰጡት። አይደርስም።

ያም ሆኖ ይህንን መንገድ ጻፉት እላለሁ። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ትክክል መሆኑን ለማመን ይቀላል። በኋላ ፈጣኑን ስትጽፉ ሁለቱን በትንንሽ አሬዮች ላይ ታስተያያላችሁ። መልሳቸው ከተለያየ አንዱ ተሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ ፈጣኑ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ትንሽ ብልህ ነው። ከእያንዳንዱ ከተማ ተነሱና ዳገቱ እስኪቋረጥ ድረስ ሂዱ። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ እንጅባራ ድረስ ሦስት። ከዳንግላ ተነስታችሁ እንጅባራ ድረስ ሁለት። ከእንጅባራ አንድ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ይሄኛው አሳሳች ነው። በዘፈቀደ በተቀላቀሉ ቁጥሮች ላይ በጣም ይፈጥናል፤ ምክንያቱም ዳገቶቹ አጫጭር ስለሆኑ ቶሎ ቶሎ ይቋረጣሉ። ተማሪውም «ሠራ!» ብሎ ይልካል። ከዚያ ፈታኙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጨምር አሬይ ይሰጠዋል። ያኔ ከመጀመሪያው ቁጥር ተነስቶ 99,999 ንጽጽር ያደርጋል፣ ከሁለተኛው 99,998፣ ከሦስተኛው 99,997። ሲደመር ወደ 5 ቢሊዮን ይጠጋል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ይፈጃል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ እንጅባራ ከደረሳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ከዳንግላ መነሳት ምን ይጠቅማል? ከዳገት ወገብ የተነሳ ሰው፣ ከግርጌው ከተነሳው ሰው የበለጠ ረጅም ጉዞ ሊያገኝ አይችልም። የሚያልቁት እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ይህች አንዲት ሐሳብ ቢሊዮኖቹን ንጽጽሮች ጠራርጋ ታስወጣለች። ዳገቱ ሲቋረጥ አዲሱን ጉዞ ከተቋረጠበት ቦታ መጀመር ነው፤ ወደኋላ መመለስ የለም። ለ100,000 ቁጥር 99,999 ንጽጽር ይበቃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ብጣሿ ወረቀት እንመለስ። ሁለት ቁጥር ነው የምንይዘው። ሁለቱንም በዓረፍተ ነገር እንናገራቸው።

አንደኛው፦ «አሁን የቆምኩበት ከተማ ላይ የሚያልቀው ዳገት ስንት ከተማ አለው?» ስሙን «እዚህ_ድረስ» እንበለው።

ሁለተኛው፦ «እስካሁን ካየኋቸው ዳገቶች ሁሉ የረጅሙ ርዝመት ስንት ነው?» ስሙን «ትልቁ» እንበለው።

አንደኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «የቆምኩበት ከተማ ላይ የሚያልቀው» የምትለዋን ልብ በሉ። ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። ብዙ ተማሪ «የአሁኑ ርዝመት» ብሎ ያልፋል። የምን ርዝመት? ከየት እስከ የት? ይህ ሳይለይ የተጻፈ ኮድ በዕድል ይሠራል ወይም በዕድል ይበላሻል።

ዓረፍተ ነገሩ ከጠራ ኮዱ ራሱ ተከትሎ ይመጣል። ቀጣዩ ከተማ ላይ ስደርስ «እዚህ_ድረስ» ምን ይሆናል? አዲሱ ከተማ ካለፈው ከበለጠ፣ እዚያ ላይ ያልቅ የነበረው ዳገት በአንድ ይረዝማል። ካልበለጠ፣ አዲሱ ከተማ ላይ የሚያልቀው ዳገት ራሱ ከተማው ብቻ ነው፤ ርዝመቱ 1። ዜሮ ሳይሆን 1! አንድ ከተማ ብቻውን የአንድ ከተማ ዳገት ነውና። በየትኛው ቁጥር ልጀምር፣ በየትኛው ልመልስ እያላችሁ መገመት አይኖርባችሁም። ዓረፍተ ነገሩን ጠይቁት፣ ይነግራችኋል።

እንግዲህ በአማርኛ እንጻፈው፦

እዚህ_ድረስ = 1
ትልቁ = 1
ከሁለተኛው ቦታ እስከ መጨረሻው ለእያንዳንዱ ቦታ፦
— የዚህ ቦታ ቁጥር ከቀደመው ከበለጠ፣ እዚህ_ድረስ ላይ 1 ጨምር
— ካልበለጠ፣ እዚህ_ድረስ = 1 አድርግ
— እዚህ_ድረስ ከትልቁ ከበለጠ፣ ትልቁ = እዚህ_ድረስ አድርግ
ሉፑ ሲያልቅ ትልቁን አሳይ

ይህንን ወደ ፓይተን፣ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ወደ ጃቫ መገልበጥ የጽሕፈት ሥራ ነው። አሁን ግን ላፕቶፑን አትንኩት። እስክርቢቶ አንሱ። መብራት ቢጠፋም ይሄ ሥራ አይቆምም።

ባሕር ዳር፣ 1800። ገና ጀመርን፤ እዚህ_ድረስ 1፣ ትልቁ 1። ዳንግላ፣ 2100፤ ከ1800 ይበልጣል፤ እዚህ_ድረስ 2፣ ትልቁም 2። እንጅባራ፣ 2600፤ ይበልጣል፤ 3 እና 3። ቡሬ፣ 2100፤ ከ2600 አይበልጥም፤ እዚህ_ድረስ ወደ 1 ይመለሳል፤ ትልቁ ግን 3 እንደሆነ ይቆያል። ፍኖተ ሰላም፣ 1900፤ አይበልጥም፤ አሁንም 1። ደምበጫ፣ 2100፤ ይበልጣል፤ 2። ማርቆስ፣ 2400፤ ይበልጣል፤ 3። ትልቁም 3 ነው፣ እኩል ስለሆኑ አይነካም። መልስ፣ 3።

በየመስመሩ ላይ ቆማችሁ «ዓረፍተ ነገሩ አሁን እውነት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቡሬ ላይ፣ ቡሬ ላይ የሚያልቀው ዳገት አንድ ከተማ ነው? አዎ። እስካሁን የታየው ረጅሙ 3 ነው? አዎ። ይህን ጥያቄ ሳያሰልሱ መጠየቅ አሰልቺ ይመስላል። ግን ባግ (የኮድ ስህተት) የሚያዘው እንደዚህ ነው። ኮዱ ሲበላሽ ምልክት እየቀያየሩ፣ እዚህ አንድ እየጨመሩ እዚያ አንድ እየቀነሱ መሞከር በጭለማ መርፌ መፈለግ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የተጣሰበትን የመጀመሪያ መስመር ፈልጉ። ስህተቱ እዚያው አለ።

አሁን ተማሪዎች ደጋግመው ወደሚወድቁባቸው ጉድጓዶች እንምጣ። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ የመጨረሻው ዳገት ነው። አንዳንዱ ተማሪ ትልቁን የሚያድሰው ዳገቱ ሲቋረጥ ብቻ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፦ ዳገቱ አለቀ፣ ርዝመቱ ታወቀ፣ አሁን ላወዳድር። ከእንጅባራ ወደ ማርቆስ ያለውን ክፍል ስጡትና እዩ፦ 2600፣ 2100፣ 1900፣ 2100፣ 2400። ቡሬ ላይ ይቋረጣል፣ ትልቁ 1። ፍኖተ ሰላም ላይ ይቋረጣል፣ ትልቁ 1። ከዚያ ደምበጫ 2፣ ማርቆስ 3። አሬዩ አለቀ። ዳገቱ ግን አልተቋረጠም፤ የሚያቋርጠው ቁጥር የለም! ስለዚህ ማንም ከትልቁ ጋር አላወዳደረውም። ፕሮግራሙ 1 ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው መልስ 3 ነው። ትልቁን በየእርምጃው ማደስ፣ ወይም ከሉፑ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ማወዳደር ያድናል። እኔ በየእርምጃው ማደስን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም «እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየቦታው እውነት ሆኖ ይቆያል።

ሁለተኛው ጉድጓድ የአሬይ ጠርዝ ነው። ቀጣዩን ቁጥር የሚያይ ሰው መጨረሻ ላይ ከአሬዩ ይወጣል፤ የቀደመውን የሚያይ ሰው ከመጀመሪያው ቦታ ከጀመረ ይወጣል። ቋንቋዎቹ ለዚህ የሚሰጡት መልስ ይለያያል። ጃቫ ወዲያው ስህተት ብሎ ያቆማችኋል፤ ይሄ ውለታ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ዝም ብሎ ከአሬዩ ውጭ ያለውን የማህደረ ትውስታ ክፍል ሊያነብ ይችላል፤ ምን እንደምታገኙ ዋስትና የለም። ፓይተን ደግሞ ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) ከዜሮ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ከዜሮ በፊት ያለውን ቦታ፣ ማለትም ኔጌቲቭ አንድን ስትጠይቁት የአሬዩን የመጨረሻ ቁጥር ይሰጣችኋል። ስህተት አይልም።

ይሄ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ከእንጅባራ ወደ ፍኖተ ሰላም፦ 2600፣ 2100፣ 1900። ቁልቁለት ብቻ ነው፣ መልሱ 1። ሉፑን በስህተት ከዜሮ የጀመረ የፓይተን ፕሮግራም ግን መጀመሪያ 2600ን ከመጨረሻው 1900 ጋር ያወዳድራል። ይበልጣል። እዚህ_ድረስ 2 ይሆናል። መልሱም 2። የሚገርመው ደግሞ ሙሉውን መንገድ ከባሕር ዳር ማርቆስ ብትሰጡት 3 ብሎ በትክክል ይመልሳል፤ ምክንያቱም 1800 ከ2400 አይበልጥም። አንድ ፈተና አልፎ ሌላው ላይ የሚወድቅ ኮድ እንዲህ ነው የሚፈጠረው።

ሦስተኛው እኩልነት ነው። 2100 ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች ጎን ለጎን ቢመጡ ዳገቱ ተቋረጠ ወይስ ቀጠለ? ይህን የሚወስነው ጥያቄው ነው፤ እናንተ አይደላችሁም። ኮድፎርስ በተባለው የውድድር ድረ ገጽ ላይ ለጀማሪዎች የሚሆኑ ሁለት መንትያ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ እያንዳንዱ ቁጥር ከቀደመው እንዲበልጥ ይፈልጋል። ሌላው እንዳይቀንስ ብቻ ይፈልጋል። ሁለቱም እስከ 100,000 ቁጥር ይሰጣሉ። የመልሶቹ ልዩነት አንድ የእኩል ምልክት ነው። ስድስት ጊዜ 100 ቢሰጣችሁ በመጀመሪያው መልሱ 1፣ በሁለተኛው 6 ነው። ጥያቄን አጣድፎ ማንበብ ከማንኛውም የኮድ ስህተት በላይ ያስከፍላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

አራተኛው ደግሞ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን ቦታውም ሲጠየቅ ይመጣል። ከባሕር ዳር ማርቆስ ሁለት እኩል ዳገቶች አሉን። የትኛውን እንናገር? ትልቁን የምናድሰው «ከበለጠ» ብለን ከሆነ መጀመሪያ የተገኘው፣ የእንጅባራው ይቆያል። «ከበለጠ ወይም እኩል ከሆነ» ካልን የመጨረሻው፣ የማርቆሱ ይተካዋል። መነሻውን ለማግኘት አዲስ ሉፕ አያስፈልግም፤ ዳገቱ ያለቀበት ቦታ ሲቀነስ ርዝመቱ፣ ሲደመር 1። እንጅባራ ሦስተኛዋ ናት፤ 3 ሲቀነስ 3 ሲደመር 1፣ አንደኛዋ ባሕር ዳር። ይኸው።

ባዶ አሬይን ሳልጠቅስ አልለፍ። ትልቁን ከ1 ስለጀመርን አንድም ቁጥር ለሌለው አሬይ 1 ብለን እንመልሳለን። የውድድር ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቢያንስ አንድ ቁጥር አለ ብሎ ቃል ይገባል። እውነተኛ ሥራ ላይ ግን ማንም ቃል አይገባላችሁም፤ ባዶ ከሆነ 0 መልሱ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ የምታስቡትን አውቃለሁ። «ብዙ ቁጥር በዘፈቀደ አውጥቼ ብፈትነው ስህተቱ ይወጣ የለ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ያስገርማል። ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች በ6 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ፤ እየጨመረ የሚሄደው አንዱ ብቻ ነው። ለአራት ቁጥር ከ24 አንዱ ነው። ለስምንት ቁጥር ከ40,320 አንዱ። በዘፈቀደ በተቀመጡ ቁጥሮች ውስጥ ዳገት በአማካይ የሁለት ቁጥር ያህል ርዝመት ነው ያለው። 100,000 ቁጥር በዘፈቀደ ብታስቀምጡ ረጅሙ ዳገት ብዙ ጊዜ ስምንት አካባቢ ነው። ያ ረጅሙ ዳገት ደግሞ ልክ አሬዩ መጨረሻ ላይ የመውደቁ ዕድል ኢምንት ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ዳገት የሚረሳ ፕሮግራም ትልልቅ የዘፈቀደ ፈተናዎችን በተደጋጋሚ ሊያልፍ ይችላል።

ለዚህ ነው ፈተናውን በእጃችሁ አስባችሁ ሥሩ የምለው። አንድ ቁጥር ብቻ ያለው። ሁለት እኩል ቁጥሮች። ሁሉም የሚጨምር። ሁሉም የሚቀንስ። ረጅሙ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ረጅሙ መጨረሻ ላይ ያለ። ሁሉም ከአምስት ቁጥር አይበልጡ። የዘፈቀደውንም ከወደዳችሁ በትንሹ አድርጉት፦ አራት አምስት ቁጥር ያላቸው አሬዮች በሺዎች አውጡና ቀርፋፋውን ኮድ ከፈጣኑ ጋር አስተያዩ። አሬዩ አጭር ሲሆን ጠርዙ ብዙ ጊዜ ይነካል።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ የልምምድ ጥያቄ?» ለሚል ሰው አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገር። ፓይተን ላይ ዝርዝር ስትደረድሩ ከጀርባ ሥራውን የሠራው ለብዙ ዓመታት ቲምሶርት የሚባል ዘዴ ነው። ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፓይተን የሠራው ነው። መነሻ ሐሳቡ ምን መሰላችሁ? ዳገት መፈለግ! ሰዎች የሚያስገቡት መረጃ ብዙ ጊዜ በከፊል የተደረደረ ነው። ስለዚህ ቲምሶርት ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ያሉትን ዳገቶች ያገኛል፣ ከዚያ ያዋህዳቸዋል። አስቀድሞ የተደረደረ ዝርዝር ከሰጣችሁት አንድ ጊዜ አልፎበት ይጨርሳል። ቁልቁለት ሲያገኝም ይገለብጠውና ዳገት ያደርገዋል። በጣም አጭር ዳገት ሲገጥመው ደግሞ ጥቂት ቁጥሮች ጨምሮ ያረዝመዋል፤ የዘፈቀደ ዳገት ሁለት አካባቢ ነው ብለን የለ?

እኩልነት ያልኩት ነገርም እዚያ አለ። ቲምሶርት ዳገት ሲፈልግ እኩል ቁጥሮችን ይቀበላል። ቁልቁለት ሲፈልግ ግን አይቀበልም። ለምን? የክፍል ዝርዝር በስም ተደርድሯል እንበል፤ አበበ 80፣ ከበደም 80 አላቸው። በውጤት ስትደረድሩ እኩል ያመጡት በነበሩበት ቅደም ተከተል እንዲቆዩ ትፈልጋላችሁ። እኩል ቁጥሮች ቁልቁለት ውስጥ ገብተው ቢገለበጡ ከበደ አበበን ይቀድመዋል። አንድ የእኩል ምልክት ይህን ያህል ትሠራለች።

ስለ ዓረፍተ ነገሩ ያልኩት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ቲምሶርት ያገኛቸውን ዳገቶች ርዝመት ደራርቦ ይይዛል። ስለ ርዝመቶቹም ሁልጊዜ እውነት መሆን ያለበት ዓረፍተ ነገር ነበረው፦ እያንዳንዱ ርዝመት ተከትለውት ከመጡት ሁለቱ ድምር ይበልጣል። ኮዱ ግን ይህን ያረጋግጥ የነበረው ከላይ ያሉትን ጥቂቶች ብቻ አይቶ ነው። ከሥር የተቀበሩት ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሊጣስ ይችል ነበር። ጃቫም ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይጠቀም ነበር፤ የሚይዘውንም ቦታ የለካው ያ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ እውነት ነው ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ኮዱ ትክክል መሆኑን በሒሳብ ሊያረጋግጡ ተነሱ። ማረጋገጫው አልሄድ አላቸው። ለምን አልሄደም ብለው ሲከታተሉ፣ የጃቫውን ኮድ ከአሬይ ጠርዝ አስወጥቶ የሚጥል ግብዓት መሥራት ቻሉ። በዓለም ዙሪያ ስንት መሣሪያ ላይ ለዓመታት ሲሠራ የነበረ ኮድ ነው! ስህተቱን ያወጣው በየእርምጃው «አሁንስ እውነት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። እናንተ ቡሬ ላይ ቆማችሁ የጠየቃችሁት ያው ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር እንዳታምታቱ ላስጠንቅቃችሁ። ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱ ቁጥሮችን እየዘለላችሁ እንድትመርጡ ይፈቅዳል። በእኛ መንገድ ባሕር ዳር 1800፣ ፍኖተ ሰላም 1900፣ ደምበጫ 2100፣ ማርቆስ 2400 ብላችሁ አራት ታገኛላችሁ። በዛሬው ኮድ አይፈታም። ጥያቄው ውስጥ «ተከታታይ» ወይም «ሳይቋረጥ» የሚል ነገር መኖር አለመኖሩን አይታችሁ ነው የምትለዩት። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ለቤት ሥራ ግን በሁለቱ መካከል ያለ ጥያቄ ልስጣችሁ። ቢበዛ አንድ ቁጥር ብቻ ከአሬዩ ማውጣት ቢፈቀድላችሁ ረጅሙ ዳገት ስንት ይሆናል? 5፣ 9፣ 6፣ 7፣ 8 ላይ ሳታወጡ 3 ነው፤ 9ኝን ብታወጡ 4 ይሆናል። አንዱን አውጥቶ እንደገና ከመጀመሪያው መቁጠር ይቻላል፤ ግን ለ100,000 ቁጥር ያው ቢሊዮኖች ውስጥ ይከታችኋል። ፍንጭ ልስጥ። «እዚህ_ድረስ»ን ለእያንዳንዱ ቦታ በአሬይ አስቀምጡት። ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ እየሄዳችሁ «እዚህ ቦታ ላይ የሚጀምረው ዳገት ስንት ቁጥር አለው?» የሚል ሁለተኛ አሬይ ሥሩ። አንድ ቁጥር ስታወጡ ግራና ቀኙ ጎረቤት ይሆናሉ፤ የቀኙ ከግራው ከበለጠ ግራው ላይ የሚያልቀውና ቀኙ ላይ የሚጀምረው ይደመራሉ። ምንም ሳይወጣ ያለውንም መልስ ማወዳደር እንዳትረሱ።

ከባሕር ዳር ማርቆስ ባለው መንገድ ላይ ስትሞክሩት መልሱ 3 ሆኖ ይቀራል። ፍኖተ ሰላምን ብታወጡ ቡሬና ደምበጫ ጎረቤት ይሆናሉ፤ ሁለቱም 2100 ናቸው። «እንዳይቀንስ ብቻ» ብላችሁ ደግሞ ሞክሩትና መልሱ ይቀየር እንደሆነ በወረቀት አምጡልኝ።